ማንጠግቦሽና የጥዱ ሥር እንጉዳይ

ማንጠግቦሽ ሞተች። በሐምሌ መጨረሻ፣ ዝናቡ እየወረደብን ቀበርናት። «ቀበርናት» ስል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እኔ፣ ልጄ፣ ልጄ በልመና ያመጣቸው ጥቂት ጎረምሶችና መፍታት ግዴታው የሆነ አንድ ቄስ ነበርን። የወረታ ሰው ለቀብር አይሰንፍም። ሰው ሞተ ከተባለ ሱቁን ዘግቶ፣ በጭቃው እየዳከረ ይወጣል፤ በሕይወቱ ሰላም ያላለውን ሰው እንኳ ሲቀብር ደረቱን ይደቃል። ለማንጠግቦሽ ግን አልወጣም። ጡሩምባ ነፊው የደብረ ታቦርና የጎንደር መንገድ ከሚገናኙበት ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ እፍ አለና ወደ ቤቱ ገባ። ዝናብ ነው አለ። ጡሩምባ ዝናብ ይፈራል እንዴ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንዴቱ አልለቀቀኝም። ፊደል የቆጠርሁት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያ መንግሥት ካደረገልኝ ደግ ነገር የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው። እንግዲህ በዚያችው ፊደል እጽፋለሁ። ከተማው ማንጠግቦሽን የሚያውቃት «ወንድሟን በመርዝ የገደለች» እያለ ነው። እኔ ግን የአጥር ጎረቤቷ ነበርሁ፤ የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ አፈ ስል ሴት ነበረች። ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ባሏ ደብተራ ነበር፤ ልጅ ሳይተውላት ሞተ። ደርግ መሬት ሲያከፋፍል ለእሷ የደረሳት ከርብ ወንዝ ዳር ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ የሚያርስላት በሬ የለም። ታዲያ በምን ትኖር ነበር ያላችሁ እንደሆነ፣ በበጋ ጥጥ ትፈትላለች፣ በክረምት እንጉዳይ ትለቅማለች።

የእኛ አገር ሰው እንጉዳይ ብዙም አይወድም። «የጅብ ጥላ» ይለውና በእግሩ ጠልዞት ያልፋል። ፍልሰታ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ወተቱ ሁሉ በሚቀርበት በዚያ ጾም፣ በኑግ ዘይትና በቃሪያ የተጠበሰ እንጉዳይ ከሥጋ ምን ይለየዋል? የነጋዴ ሚስቶችና መንገድ ዳር ለሾፌር ምግብ የሚሸጡት ሴቶች ደጅ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። በራሱ እጅ የለቀመ ሰው እንኳ ለእሷ ሳያሳይ አይበላም።

ስትመረምር ዛሬም ትታየኛለች። አንዷ በሰፌድ ይዛላት ትመጣለች። ማንጠግቦሽ ሰፌዱን በዓይኗ ገረፍ ታደርግና ፊቷን ታጠቁራለች።

«ቆርጠሽ ነው ያመጣሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ለጅቡ መልሺለት። ፊቱን ምን አደርገዋለሁ? እግሩን አሳዪኝ!»

እንጉዳይ በፊቱ አይታወቅም ትል ነበር። በፊቱማ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም ቆንጆ ነው። እሷ ስትለቅም ጣቷን ወደ አፈሩ ትሰድና ዙሪያውን ፈልፍላ ሳይበጠስ ከነሥሩ ታወጣዋለች። ገልብጣ ከሆዱ በኩል ያለውን ሽንሽን ታያለች፣ ታሸተዋለች፣ በመጨረሻም እግሩን በጣቶቿ መሀል ታሳልፈዋለች። ከምስጥ ኩይሳ ላይ የሚበቅለው ደኅነኛው እንጉዳይ እግሩ እየቀጠነ፣ እንደ አይጥ ጅራት እየሾለ ወደ ምስጦቹ ቤት ይወርዳል። ያን ጅራት ካላየች ማንንም «ብላ» አትልም። የምታውቀው ጥቂት ዓይነት ብቻ ነበር። ሌላውን «አላውቀውም» ትልና ትወረውረዋለች። «መጥፎ ነው እንዴ?» ብለው ሲጠይቋት ትቆጣለች።

«አላውቀውም አልሁ እኮ! የማታውቂውን ሰው ከልጆችሽ ጋር ታስተኚዋለሽ?»

ካድሬዎቹንም የምታያቸው እንዲሁ ነበር። አዲስ ካድሬ ከጎንደር በመጣ ቁጥር ስብሰባው ላይ ከኋላ ትቀመጥና ወደ ታች ወደ እግሩ ታያለች። «ፊቱስ ያምራል» ትለኛለች በጆሮዬ፣ «እግሩን ግን አላየሁትም፤ ቦት ጫማ አድርጎበታል።» ነጠላዬን አፌ ውስጥ እከታለሁ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ መሳቅ ያሳስር ነበር።

ቅድስት አልነበረችም። ይህን ሳልናገር ባልፍ እኔም ከዋሾቹ አንዷ እሆናለሁ። ማንጠግቦሽ ትዋሽ ነበር። እንጉዳይ የሚበቅልበትን ኩይሳ ሰው እንዳይደርስባት ዓይኗን በጨው አጥባ ትዋሻለች። አንድ ክረምት ከጓሮዬ ኩይሳ ላይ ነጭ ነጩ ብቅ ብቅ ሲል ጠርቼ አሳየኋት። ተንበረከከች፣ ነካችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያም ራሷን ነቀነቀች።

«ኧረ እቴ! ይኼማ አፍ የሚያጣምመው ነው። ልጆችሽን አርቂ!»

ልጆቼን ሰብስቤ ቤት ዘጋሁባቸው። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ጓሮ ብወጣ ማንጠግቦሽ በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ፣ ነጠላዋን መሬት ላይ ዘርግታ፣ ያንኑ አፍ የሚያጣምመውን እየነቀለች ትሞላለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«አፍሽ ይጣመም!» አልኋት።

«በልቼ ይጣመም እንጂ፣ ምን ገዶኝ» አለችና ሳቀች።

ተኳረፍን። ከዚያ አንድ ቀን የተጠበሰ እንጉዳይ በሸክላ ድስት ሞልታ ይዛልኝ መጣች። እየተሳደብሁ በላሁላት። ይህን ጠባይዋን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው ግን ታናሽ ወንድሟ ቄስ አስማረ ነበር።

አስማረን ያሳደገችው እሷ ናት። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ሞተውባቸው፣ ጥጥ እየፈተለች ቤተ ክህነት ትምህርት ቤት አስገብታ ለቅስና አበቃችው። ቅስናውን ከተቀበለባት ቀን ጀምራ «አንተ» ማለት ተወች። «አንቱ» ትለዋለች፣ መስቀሉን ተሳልማ ከፊቱ ዝቅ ትላለች። እሱ ግን ሳቂታ፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። «ይህች እህቴ በልጅነታችን የትኛውን ኩይሳ አሳይታኝ ታውቃለች? ሁሉንም መርዝ ነው እያለች ለብቻዋ ነው የጨረሰችው» ይለናል። እሷም ጎንበስ ብላ ትስቃለች።

አሁን ወደ ጥዱ ልምጣ። ደብራችን ከከተማው በስተምሥራቅ፣ የፎገራ ሜዳ አልቆ ዳገቱ ከሚጀምርበት ላይ ናት። ቅጥሯን ወይራና ዋንዛ ውጦት ነበር፤ ከሩቅ የሚታየው ጉልላቷ ብቻ ነው። ደርግ በገባ በጥቂት ዓመት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አዳራሽ እሠራለሁ ብሎ የዚያን ደን ግማሽ አስቆረጠው። ካህናቱ ፈርተው ዝም አሉ። በተቆረጠው ፋንታ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሆነ የፈረንጅ ጥድ በመኪና መጣ። ያልወጣ ይቀጣል ተብሎ ሁላችንም በዘመቻ ወጥተን ተከልን። ማንጠግቦሽ ጉድጓድ እየቆፈረች ታጉረመርም ነበር። «ይኼን እንግዳ ደግሞ ማን ጠራው?» ትላለች። ጥዱ ግን ጸደቀ። ሊቀመንበሩ ከላይ እንግዳ በመጣለት ቁጥር ወስዶ የሚያሳየው ያንን ጥድ ነበር።

ጥዱ ከሰው ቁመት በላይ ከሆነ በኋላ በአንዱ ፍልሰታ ከሥሩ እንጉዳይ በቀለ።

ቄስ አስማረ በዚያ ጾም ይበልጣል ከሚባል ዲያቆን ጋር በቅጥሩ ውስጥ ጎጆ ቀልሰው ሱባኤ ይዘው ነበር። አስማረ እንጉዳዩን ሲያይ ደስ አለው። ለቀመና ለእህቱ ድርሻዋን በቅጠል ጠቅልሎ ላከላት። «እመቤታችን የጾም ሥጋ ሰጠችን» የሚል ቃልም አብሮ ላከ።

ጥቅሉን ስትፈታ እኔ ቤቷ ነበርሁ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ያማረ እንጉዳይ ነው፤ ወገቡ ላይ መቀነት የመሰለ ስስ ነገር ታጥቋል። እኔ ብሆን እዚያው እጠብሰው ነበር። እሷ ፊቱን ሳታይ ገለበጠችው። እግሩ አይሾልም። ታች ላይ ያብጥና ከረጢት በመሰለ ነጭ ሽፋን ውስጥ ይቀመጣል። ከረጢቱን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው።

«እንዲህ ያለ እግር አይቼ አላውቅም» አለች። «አላውቀውም።»

ከዚያ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳታጣፋ ሮጠች። እኔም ዳገቱን እያለከለክሁ ተከተልኋት።

ስንደርስ ቅዳሴው አልቆ፣ ድስቱ ከእሳት ወርዶ፣ እንጀራው ተዘርግቷል።

«ቄስ አስማረ፣ አይብሉት! አላውቀውም!»

አስማረ ሳቀ። «ደግሞ ጀመረሽ? የቤተ ክርስቲያኑንም ኩይሳ ልትከልይው ነው?»

«ኩይሳ የለውም፤ ጅራትም የለው። እግሩን አይተውታል? ከረጢት ውስጥ ነው የቆመ።»

«እህቴ፣ ይኼ እኮ የታቦት ቅጥር ነው። ዕጣን የሚታጠንበት፣ ጠበል የሚረጭበት መሬት ነው። በዚህ መሬት ላይ ሰው የሚገድል ነገር ይበቅላል? ምነው እንዲህ ያለ ቃል ከአፍሽ ይወጣል?»

«ጥዱንስ ታቦቱ ነው እንዴ የተከለው? እኔ ነኝ የተከልሁት፣ በእነዚህ እጆቼ! ከሊቀመንበሩ መኪና ላይ ነው የወረደ!»

«ቀስ በይ» አለ አስማረ፣ ወደ በሩ ገልመጥ እያለ። ሰው እንዳይሰማት ፈርቶላት ነው። ከዚያ ወጡን ከእንጀራው ላይ አወጣ።

ማንጠግቦሽ ድስቱን ልትደፋ ተወረወረች። እሱ የእጇን አንጓ ያዛት፤ ሳያሳምማት፣ እየሳቀ። ያኔ ነው ከዓመታት በኋላ «አንተ» ያለችው።

«አስማረ! አንተ ልጅ! እስከ ዛሬ ስዋሽህ ኖሬያለሁ። የኩይሳውን ዋሽቼሃለሁ፣ የጓሮውን ዋሽቼሃለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ይኼን ግን አላውቀውም። አላውቀውም፣ ወንድሜ!»

ፊት ለፊቷ ጎረሰ። «ይጣፍጣል» አላት። ሊያባብላት ፈልጎ ነው፤ ክፋት የሚባል ነገር በውስጡ አልነበረም። ዲያቆን ይበልጣል ጠቅልሎ የያዘውን ጉርሻ ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል ማንጠግቦሽን አያት። ፊቷን አይቶ ጉርሻውን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። የሱንም ድርሻ አስማረ በላለት።

በማግሥቱ አስማረን ማስታወክና ተቅማጥ ያዘው። ጠበል አጠጡት፣ አጠመቁት። ማንጠግቦሽ ከእግሩ ሥር አልተነሣችም። ከዚያ ተሻለው። ተነሣ፣ ታጠበ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ቅዳሴ ገባ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጠበሉ አሻረው ተባለ። አንዳንዶቹ ከቅዳሴ ሲወጡ ማንጠግቦሽን ከበው፣ «አንቺ ወሬኛ፣ በታቦት ቅጥር መርዝ አለ ያልሽ!» እያሉ ሰደቧት። እሷስ? እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ እያለቀሰች ትስቃለች።

«ስደቡኝ! እሰይ፣ ዋሾ ነኝ! ዋሾ በሉኝ!»

እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ደስታዋ አልቆየም። አስማረ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ገላው ቢጫ ሆነ። በቃሬዛ ወረታ ጤና ጣቢያ አወረድነው። ሐኪሙ ዓይኑን ገልጦ አየና ጉበቱ ነው፣ በእኔ እጅ የሚሆን ነገር የለም አለ። ማንጠግቦሽ እጁን ይዛ ተቀምጣ ነበር። «እግሩን ሳላየው» አላት አስማረ። ፍልሰታ ሳይፈታ ሞተ።

ንዴቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰው ተሳስቶ ቢበላ፣ ሰው ቢሞት፣ አልቅሶ ቀብሮ ይኖራል። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ግን እንዴት አድርጌ እርሳው?

ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠራ፤ ከደብሩ ዋንዛ በተሠራው አዳራሽ ውስጥ። ማንጠግቦሽ ከል እንደለበሰች ተነሣችና፣ «ጥዱን ቁረጡት። ይኼ ነገር ከጥዱ ጋር የመጣ ነው፤ ጥዱ እስካለ ይመጣል» አለች።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። «በአብዮቱ የተተከለ ዛፍ ሰው ገደለ ነው የምትይ? ይኼ የአድኃሪ ወሬ ነው!»

የደብሩ አለቃ ተነሡ። ከሳቸው እንኳ አንዲት ደግ ቃል ጠብቄ ነበር። «ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በታቦት ቅጥር መርዝ በቀለ አይባልም። ድፍረት ነው።»

እነዚያ ሁለት ሰዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንዱ ለጥዱ ክብር፣ አንዱ ለመሬቱ ክብር። ለአስማረ የተቆረቆረ አልነበረም። ለነገ ሟች የሚያስብማ ጭራሽ የለም።

«ካላወቅሽው፣ እንደሚገድል እንዴት አወቅሽ?» አላት ሊቀመንበሩ።

«አላወቅሁም። ስላላወቅሁት ነው አይብሉት ያልሁ።»

«አላወቅሁም የምትል ሴት ድስት ልትደፋ ትታገላለች? ታውቂ ነበር!»

ጉምጉምታው ተነሣ። ባሏ ደብተራ ነበር አለ አንዱ። ሥር ታውቃለች አለች አንዷ። እኔ ብድግ ብዬ፣ «እዚያው ነበርሁ! አይብሉት እያለች ስትለምነው አይቻለሁ!» ብዬ ጮኽሁ። ጎረቤቷ ነሽ፣ ምስክርነትሽ አይቆጠርም ብለው አስቀመጡኝ። ይበልጣልን አስነሡት። ሊቀመንበሩን አየ፣ አለቃውን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ አልበላሁም፤ ምንም አላየሁም» አለ። በእሷ ጩኸት የተረፈ ሰው! ጉርሻውን ከአፉ አፋፍ የመለሰችለት እሷ! ምንም አላየሁም አለ።

ከዚያ ከኋላ ልጅ ያዘለች ሴት ድምፅ ተሰማ። «እንጉዳዩማ ምን አደረገ? ጠዋት ሳልፍ ከጥዱ ሥር ሞልቶ አየሁት። የታቦት በረከት ነው፤ ክፋቱ የሰው ነው።» ሌሎቹም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ።

ማንጠግቦሽ ዞራ ሴትዮዋን አየቻት። ከዚያ ጀርባዋ ላይ የተኛውን ሕፃን አየች። አጠገቧ ነበርሁ፤ ፊቷ ሲለወጥ ታየኝ።

«እሺ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት።

«ባሌ ያስተማረኝን ነው ያደረግሁ። ከጥዶቹ ሥር ቀብሬበታለሁ። ከዚያ የሚወጣውን የነካ፣ ያሸተተ፣ ለልጁ ያጎረሰ፣ እንደ ወንድሜ ቢጫ ሆኖ ይሞታል። እስቲ ሞክሩት!»

ሴትዮዋ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነችው። አብዮት ጥበቃዎቹ ማንጠግቦሽን በሰደፍ እየገፉ ወሰዷት። ውሸቷ እንደሆነ አውቄአለሁ፤ ለምን እንደዋሸች ግን ገና አልገባኝም ነበር።

የገባኝ እስር ቤት ስንቅ ይዤላት ስሄድ ነው። «አብደሻል እንዴ?» አልኋት።

«እውነቱን ስነግራቸው በሉ» አለችኝ። «ስዋሻቸው ተዉት። ምን ላድርግ ትያለሽ?»

«ስምሽስ?»

«ስሜን ማን ይወርሰዋል? ልጅ የለኝ፣ ወንድሜ ሞተ።» ከዚያ ክንዴን በዚያ አፈር በሚፈለፍል ጣቷ ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። «ጥዱ እስካለ ድረስ ዝም በይ። ማይልኝ።»

ማልሁላት። እየተናደድሁ ነው የማልሁላት።

አዝመራው ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ ማስረጃ የለም ብለው ለቀቋት። ፍርድ ቤቱ ለቀቃት እንጂ ከተማው አልለቀቃትም። ልጆች ጥላዋ እንዳያርፍባቸው ይሸሻሉ። እናቶች ስታልፍ የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ። ፈትሏን የሚገዛት ጠፋ፤ እኔ የኔ ነው እያልሁ ለሸማኔ እሸጥላት ነበር። ደብሩ ግቢ ውስጥ መግባት ከለከሏት። እሑድ እሑድ ከበሩ ውጭ፣ ከድንጋዩ ካብ ላይ ተደግፋ ቆማ ታስቀድሳለች። ልጄን ስድር ሠርጉ ላይ ብትመጣ ሰው ምግቡን ትቶ ተነሣ። እሷም አይታ ወጣች። ተከትያት ወጥቼ መንገድ ላይ ተጣላኋት። ለምን ትችያለሽ፣ ለምን አትጮኺም አልኋት።

«ጮኼ አልነበር?» አለችኝ።

በየክረምቱ እንጉዳዩ ከጥዱ ሥር ይሞላል፣ ማንም ሳይነካው ይበሰብሳል። አንድም ሰው አልሞተበትም። ያች ልጅ ያዘለች ሴት የልጅ ልጅ አይታለች፤ መንገድ ላይ ማንጠግቦሽን ስታይ ትተፋ ነበር። ደርግ ወደቀ፣ ሊቀመንበሩ አገር ለቆ ጠፋ፣ አለቃው አረፉ፣ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ። የማንጠግቦሽ ስም ግን እንዳለ ቆየ። ይበልጣል ቀሰሰ፣ ወለደ፣ ሸበተ። መንገድ ላይ ሲያያት ወደ ማዶ ይሻገራል።

እሷ ከዚያ ወዲህ እንጉዳይ ለቅማ አታውቅም። ክረምት ሲሆን ብቻ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ የኔን ኩይሳ ታያለች። «ደኅነኛው ነው፤ ብይው» ትለኛለች። ያን ጊዜ ደግሞ የሚያምናት እኔ ብቻ ነበርሁ። ኧረ እንደ ድሮው በዋሸችኝ፣ ኧረ በሰረቀችኝ እል ነበር።

ባለፈው በጋ ደብሩ ጥዶቹን አስቆረጠ፤ ለአዲሱ የሰንበት ትምህርት ቤት ጣራ ይሆናል ተባለ። እየሮጥሁ ሄጄ ነገርኋት። አልጋ ላይ ነበረች።

«ሁሉንም?»

«አንዱ ብቻ ነው የቀረ። ደወሉ የተሰቀለበት።»

«እንግዲያው ዝም በይ» አለችኝ።

በሐምሌ ሞተች። እንዴት እንደቀበርናት ከላይ ነግሬአችኋለሁ። ያ የፈታት ቄስ ይበልጣል ነው። ጎረምሶቹ አፈሩን መልሰው ሲሄዱ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ምንም እንዳልቀበረች። እኔም የተረፍሁ በእሷ ነው። ግን ራሷ አይደለች እኔ ነኝ ያለች? ከዚያ በኋላ እኔ ምን ልበል?»

ከመቃብር ላይ ቆመን ባይሆን ምርኩዜን ራሱ ላይ እሰብረው ነበር።

«ስንት ልጅ አለህ?» አልሁት።

«ስድስት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ስድስቱንም የሰጠችህ እሷ ናት» ብዬው ወረድሁ።

ከሳምንት በኋላ ፍልሰታ ገባ። ደብር ስወጣ ከደወሉ ጥድ ሥር ነጭ ነጩ ወጥቷል። ተንበረከክሁ። እንደ እሷ ጣቴን ወደ አፈሩ ሰድጄ፣ ዙሪያውን ፈልፍዬ፣ ሳይበጠስ ከነሥሩ አወጣሁት። ጥዱ ገና እንዳለ ነው፤ መሐላዬን ግን አፈረስሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ ደወሉን ደበደብሁት። ሰው ምን ሆነ ብሎ ተሰበሰበ። እንጉዳዩን ገልብጬ ከፍ አድርጌ ስይዘው ወደ ኋላ ሸሹ።

«ጣዪው! ኧረ እትዬ ጥሩወርቅ ጣዪው!»

«ነካሁት፣ አሸተትሁት፤ ይኸው ቆሜአለሁ» አልሁ። «እዚህ ማንም የቀበረው ነገር የለም። ማንጠግቦሽ የዋሸቻችሁ እንዳትበሉት ብላ ነው። ዛሬም አትብሉት፤ ይገድላል። ግን አይታችሁ ተዉት። ፊቱን ተዉትና እግሩን እዩ! ጅራት የለውም፤ ይኸው ከረጢቱ። እዩት!»

ይበልጣል ከነመስቀሉ ከመቅደሱ በር ላይ ቆሟል።

«ቄስ ይበልጣል፣ ና» አልሁት። እስከ ቀብሩ ቀን ድረስ «አንቱ» ነበር የምለው። «ያን ቀን ድስቱ አጠገብ የነበርህ አንተ ነህ። ቀርበህ እይ። አስማረ የበላው የትኛው ነው?»

ቀረበ። ልጆቹን አየ፣ ሕዝቡን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ።

«ይኼ ነው» አለ።

ሁለት ቃል ናት። ማንጠግቦሽ ከዚያ በር ውጭ በፀሐይና በዝናብ ቆማ ያረጀችው ለእነዚህ ለሁለት ቃላት ነው። ሰዉ ማልቀስ ጀመረ፤ አንዳንዶቹ መቃብሯ የት ነው እያሉ ጠየቁኝ። ፈልጉት አልኋቸው።

እጄን ታጥቤ ወደ ቤቴ ወረድሁ። ጓሮ ብገባ ከኩይሳው ላይ ነጭ ነጩ ብቅ ብሏል፤ ነቅዬ ባየው እግሩ እንደ አይጥ ጅራት የሾለ ነው። የአጥሩ ቀዳዳ እስከ ዛሬ አልተደፈነም። አፍ ያጣምማል፣ ልጆችሽን አርቂ የሚለኝ ግን የለም።